አፍ አለው፣ ጆሮ የለውም

ደብረ ማርቆስ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል። ከጮቄ በኩል የተነሣው ዝናብ ከተማውን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዷል፤ መብራቱ ግን እንደሄደ አልተመለሰም። መደቡ ላይ ዕድሜያቸውን በንባብና በቅኔ ጉባኤ የፈጁ አንድ አረጋዊ ተቀምጠዋል። የቤቱ ሰው ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። ከጀበናው ጎን የእኅታቸው ልጅ አለች፤ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ስልኳ አንድ ነገር ይናገራል፤ እሷ ትከተለዋለች። እንደገና ይናገራል፤ እንደገና ትከተለዋለች።

የኔታ፦ አንቺ ልጅ፣ ይኼ እንግዳ መቼ ነው የሚሄደው? ከአቦሉ ጀምሮ አንድ ነገር ይዞ አልለቅም አለ እኮ።

መምህርቷ፦ እንግዳ አይደለም የኔታ፤ ስልኩ ነው። የጻፍኩለትን ድምፅ አውጥቶ ያነብልኛል።

የኔታ፦ ንባብ ማን አስተማረው?

መምህርቷ፦ ሰዎች ለብዙ ሰዓት ያነበቡትን ሰብስበው አስጠኑት። ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ኒው ዮርክ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ «ቮደር» የሚባል መናገሪያ አሳይተው ነበር። እሱ ግን በራሱ አያነብም፤ የሠለጠነች ሴት ተቀምጣ እንደ ኦርጋን ቁልፉን እየተጫነች ታናግረዋለች። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ ሬይ ከርዝዌል የሚባል አሜሪካዊ መጽሐፍ አይቶ የሚያነብ መሣሪያ አወጣ፤ ለዓይነ ስውራን ብሎ።

የኔታ፦ ለዓይነ ስውራን ነው የተጀመረው? እንዲያ ከሆነስ ዘመዳችን ነው። ከእኔ ጋር ቅኔ የቆጠሩ ማየት የተሳናቸው ነበሩ። እኛ መጽሐፍ ስናገላብጥ እነሱ በጆሮ ብቻ ይዘው ቀድመውን ሄዱ። በይ አሁን ንገሪኝ፤ አንዱን ዐረፍተ ነገር ዐሥር ጊዜ ማስደገም ምን ይሉታል? መልእክተ ዮሐንስ የጀመረች ሕፃን መሰልሽ።

መምህርቷ፦ እሷኑ ነኝ። ነገ ጠዋት ስድሳ ልጅ ፊት እቆማለሁ። ያልኩትን በአንድ አፍ ይደግሙታል። ከተሳሳትኩ ስሕተቴ ስድሳ ቤት ይገባል። እነዚህ ልጆች ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ሒሳቡም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ነው።

የኔታ፦ አንቺንስ ማን አሳሳተሽ?

መምህርቷ፦ ማንንም አልከስም፤ ያስተማሩኝም እንደ እኔው ከመጽሐፍ ነው የተማሩት። እንግሊዝኛ ደግሞ እንደተጻፈ አይነበብም። ረቡዕን ስንት ዓመት «ዌድነስዴይ» ስል ኖርኩ። ስልኩ «ዌንዝዴይ» ሲለኝ የተሳሳተው እሱ መስሎኝ ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። «ኮምፎርቴብል» የምንላትን ቃል ደግሞ ግማሿን ውጦ «ከምፍተብል» ይላታል።

የኔታ፦ በፈረንጅ ፊደል ብቻ አትፍረጂ፤ የእኛም ይደብቃል። «ገና» ብዬ ብጽፍልሽ በዓሉ ነው ወይስ ያልደረሰ ነገር? «ይበላል» ብልሽ የሚበላው ሰውዬው ነው ወይስ ምግቡ? መጥበቅና መላላቱን ፊደሉ አይነግርሽም። ከሰው አፍ የሰማ ነው የሚያውቀው።

መምህርቷ፦ አማርኛን ለሚያነብ ማሽንም ትልቁ ፈተና እሱ ነው። ፊደሉ ላይ የሌለውን መጥበቅ ከዐረፍተ ነገሩ መገመት አለበት። አማርኛ የሚያነቡ አሉ እኮ፤ ማይክሮሶፍት የሠራቸው ሁለት ድምፆች «መቅደስ» እና «አምሃ» ይባላሉ።

የኔታ፦ ክርስትና ሳይነሡ ስም አወጡላቸው! በይ ይሁን። ግን ይኼ ነገር አዲስ ነው የምትይኝን አልቀበልም። እኔ ልጅ ሆኜ፣ በ1955 ዓ.ም. ገደማ፣ ፒስ ኮር የሚባሉ አሜሪካውያን መምህራን መጡ። በመጀመሪያው ዙር ከ270 በላይ ናቸው፤ በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ። አፍ ከባሕር ማዶ ሲመጣ ያን ጊዜ አየን። ቀጥሎ አንቺ ራስሽ የነገርሽኝ ያ ሳጥን መጣ፤ ምን ነበር ስሙ?

መምህርቷ፦ ፕላዝማ ቴሌቪዥን። እሱንማ እንዴት እረሳዋለሁ! በ1997 ዓ.ም. ገደማ ነው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የተተከለው። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣ ነበር። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን እሱ ይወስደዋል፤ መምህራችን ሪሞቱን ይዞ ጥግ ይቆማል። የፕላዝማዋ መምህርት ጥያቄ ትጠይቅና ጥቂት ሰኮንድ ትጠብቃለች። እኛ ጥያቄውን ሳንጨርሰው «ቬሪ ጉድ!» ብላ ታልፋለች።

የኔታ፦ ማንም ሳይመልስላት?

መምህርቷ፦ ማንም ሳይመልስላት! አንድ ቀን አንድ ልጅ ከኋላ ተነሥቶ «እሜቴ፣ ቆይ እንጂ!» ብሎ ጮኸባት። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሳቃችን ሳያልቅ እሷ ሁለት ገጽ ሄዳለች። እንግሊዝኛዋ ያማረ ነበር የኔታ፤ ያማረ ነገር እያየን ነው ያለፈን።

የኔታ፦ ሰሚ የሌለው ምስጋና! ታዲያ ይኼ የያዝሽው ከዚያ በምን ይሻላል?

መምህርቷ፦ ይጠብቀኛል። «ቆይ» ስለው ይቆያል፣ «ድገም» ስለው ይደግማል። ዝግ በል ስለው ዝግ ይላል፤ ብቻ በጣም ካዘገየሁት ድምፁ እንደ ሊጥ ይለጠጥና ትክክለኛ መልኩን ያጣል። ስለዚህ ትንሽ ብቻ ነው የምቀንስለት። ደግሞ ኢንተርኔት አይለምነኝም። አንድ ጊዜ ዋይፋይ ያለበት ገብቼ ከስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ድምፁን አወረድኩት፤ አለቀ። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ሁሉም ነገር ከስልኬ ጠፋ፤ ይኼ ድምፅ ብቻ ቀረ። ሰው ከቤት በማይወጣበት ማታ እሱ ነበር ያጫወተኝ።

የኔታ፦ በዚያ ክፉ ጊዜ አብሮሽ ከቆየ እንግዳ ያልኩትን መልሻለሁ።

መምህርቷ፦ ሌላም አለ፤ ይኼን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። አይስቅብኝም። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እንግሊዝኛ ልናገር ብዬ አፌን ስከፍት «ኧረ ፈረንጇ መጣች!» ይሉኛል። ብሳሳት ይስቃሉ፤ ባልሳሳት ደግሞ ጉራ ይሆናል። መምህራኑ ስብሰባ ላይ እንግሊዝኛ የሚጠይቅ ነገር ሲነሣ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። የሰዋስው ፈተና ብትሰጠን አንወድቅም። አፋችንን ያሰረው ይሉኝታ ነው። ስልኩ ፊት ግን መቶ ጊዜ ብሳሳት ምን አገባው?

የኔታ፦ ደግ ነገር ተናገርሽ። ግን ልጄ፣ ያ የማይስቅብሽ ያርምሻል?

መምህርቷ፦ እ… አያርመኝም።

የኔታ፦ ቃሉን አሳስተሽ ጽፈሽ ብትሰጪውስ?

መምህርቷ፦ ኮስተር ብሎ እሱኑ ያነበዋል። የሰጠሁትን ነው የሚያነበው። አንዳንዴም ራሱ ይስታል። «ሪድ» እና «ሬድ»፣ «አነባለሁ» እና «አነበብኩ» ማለት ናቸው፣ አጻጻፋቸው አንድ ነው። ከዐረፍተ ነገሩ ማወቅ ካልቻለ አንዱን በሌላው ቦታ ይከታል። የእኛን አገር ስም ሲያነብማ አይሰሙም! የገዛ መንደሬን ጠርቶልኝ ለካስ ሌላ አገር ነው የምኖረው አልኩ።

የኔታ፦ አየሽ፤ አፍ አለው፣ ጆሮ የለውም። ማዶ ቆሞ የሚጮኽ ገደል ማሚቶ ነው፤ ብቻ ይኼ ያማረ ገደል ማሚቶ ነው።

መምህርቷ፦ ቆይ የኔታ፣ እዚህ ላይ ልከራከር። የሚሰማም አለ። ማይክሮፎኑን ነክቼ ስናገር የተናገርኩትን ይጽፈዋል። «መርከብ» ልለው «በግ» ብሎ ከጻፈ፣ «ሽፕ» ማለት ሲገባኝ «ሺፕ» ብዬ ጎትቼዋለሁ ማለት ነው። በዚህ ብዙ ስሕተት ይዣለሁ።

የኔታ፦ መልካም። «በግ» ብሎ ሲጽፍ ግን ጥፋቱ የት ላይ እንደሆነ ነገረሽ? ከንፈርሽ ነው? ምላስሽ ነው? ትንፋሽሽ ነው?

መምህርቷ፦ አይነግረኝም። አንዳንዴ እንደውም ተሳስቼም ከዐረፍተ ነገሩ ገምቶ ልክ አድርጎ ይጽፍልኛል።

የኔታ፦ ይኼማ ከመሳቅ ይብሳል! የሳተን ተማሪ «ልክ ነህ» ብሎ መስደድ የመምህር ትልቁ ኃጢአት ነው። እስቲ የእኛን ቤት ላስታውስሽ። የቅኔ ተማሪ ለብቻው ዞር ብሎ፣ ዛፍ ሥር ወይ ጎጆው ጥግ፣ ይቆጥራል። ቆጠራ ነው ስሙ። እዚያ ሲሆን ቢሳሳት የሚያየው የለም፤ ቢያለቅስ የሚሰማው የለም። ኋላ ግን የቆጠረውን ይዞ ሄዶ ከመምህሩ ፊት ይነግራል፤ ጉባኤው ሰፊ ከሆነ አስቀድሞ አንጋፋው ተማሪ ይሰማዋል። መምህሩ ሰምቶ ያቃናል፤ ይጥላል፤ ያነሣል። ቆጥሮ ያልነገረ ተማሪ የቱንም ያህል ቢቆጥር ባለቅኔ አይባልም። ሳይቆጥር ሊነግር የመጣም መሳለቂያ ይሆናል።

መምህርቷ፦ ስለዚህ ስልኩ…

የኔታ፦ ስልኩ የቆጠራ ቦታሽ ነው። ዛፉ ነው፣ ጥጉ ነው። ማፈር የሌለበት ቦታ ለተማሪ ያስፈልገዋል፤ ይኼን አልክድም። አንቺ ግን ስንት ዓመት ስትቆጥሪ ኖርሽ፣ መች ነገርሽ?

መምህርቷ፦ ለማን ልንገር? እዚህ እንግሊዛዊ የለ፣ ፒስ ኮር የለ።

የኔታ፦ ለእኔ ንገሪኝ።

መምህርቷ፦ ለእርስዎ? የኔታ፣ እርስዎ እኮ አንድ ቃል እንግሊዝኛ…

የኔታ፦ አላውቅም። እሱ ይበል መጀመሪያ፤ ቀጥለሽ አንቺ በይ። ያን ዐሥር ጊዜ ያስደገምሽውን።

(ስልኩን ትነካዋለች። «ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት እየሄዱ ነው» ማለት ነው፤ ድምፁ ግን በአንድ ትንፋሽ «ዘ ችልድረናር ዎኪንግ ተ ስኩል» ብሎ ይወጣል። እሷ ቀጥላ፣ እያንዳንዷን ቃል እየለየች፦ «ዘ፣ ችልድረን፣ አር፣ ዎኪንግ፣ ቱ፣ እስኩል» ትላለች። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጣታቸውን በመቋሚያቸው ላይ እያሳረፉ ይሰማሉ።)

የኔታ፦ አስደግሚው።

(ታስደግመዋለች።)

የኔታ፦ እሱ ሦስት ቦታ ብቻ ረገጠ። «ችል» ላይ፣ «ዎ» ላይ፣ መጨረሻው ላይ። በመካከል ያሉትን ሳይረግጥ ዘሎ ነው የሚያልፋቸው፤ ወንዝ በድንጋይ ድንጋዩ እንደሚሻገር ሰው። አንቺ ስድስቱንም እኩል ረገጥሽ። አንቺ ወንዙ ውስጥ ገብተሻል።

መምህርቷ፦ (ዝም ትላለች።) …ይኼን ነው እኮ የእንግሊዝኛ መጽሐፌ በሁለት ምዕራፍ ሊያስረዳኝ ያልቻለው። እንግሊዝኛ አንዱን ቀለም አጠንክሮ ሌሎቹን ያሳንሳል፤ አማርኛ እግሩን እኩል እኩል ያስቀምጣል። ለዚህ ነው የእኛ እንግሊዝኛ ቃሉ ሁሉ ልክ ሆኖ ለሰሚው የሚከብደው። ግን እርስዎ እንዴት ሰሙት?

የኔታ፦ ሥራዬ ምን ሆነና! ግእዝ ሳስነብብ የኖርኩት ይኼን አይደል? ተነሽ አለ፣ ወዳቂ አለ፣ ሰያፍ አለ፣ ተጣይ አለ። ተነሹን ጥሎ፣ ወዳቂውን አንሥቶ ያነበበ ልጅ ፊደሉን አንድም ሳይስት ንባቡን ገድሏል። መልስ እለዋለሁ። ትርጉሙን ገና አያውቀውም፤ ጆሮው ግን አስቀድሞ ይገራል። ሌላም ሰምቻለሁ። የመጨረሻው ቃል መጀመሪያ ላይ ያለችውን ሳድስ እሱ አፉ ላይ ሳያሳድራት ነው የሚያልፋት። አንቺ ፊቷ ላይ «እ» ጨመርሽባት።

መምህርቷ፦ «እስኩል»! ሁላችንም እንላታለን። «እስቱደንት»፣ «እስትሪት»።

የኔታ፦ እንግዲህ «ስ»ን እንደ እባብ ስስስ አድርገሽ አስረዝሚያትና ከዚያ «ኩል» በይ። «እ» መግቢያ እንዳታገኝ።

(ትሞክራለች። «ስስስ… ኩል።» እንደገና፤ እያሳጠረች። አምስተኛው ላይ የኔታ መቋሚያቸውን መሬት ይመቱበታል።)

የኔታ፦ ይኼው! አሁን ከእንግዳው ጋር ገጠምሽ።

መምህርቷ፦ እንዴት ነው እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው የሚያርመኝ!

የኔታ፦ እሱ አፍ ሰጠሽ፣ እኔ ጆሮ ሰጠሁሽ። አፍማ በየዘመኑ ከውጭ ይመጣል፤ ፈረንጁም መጣ፣ ሳጥኑም መጣ፣ ይኼም መጣ። ጆሮ ግን ተጭኖ አይመጣም፤ እዚሁ ነው የሚበቅለው። ደግሞ ስሚ፤ ሰው ሲያነብና ይኼ ሲያነብ አንድ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ታስታውሻለሽ? አንቺ አልደረስሽም። ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩና ጉዱ ካሣ ሲናገር ባንድ ሰው ጉሮሮ ሁለት ሰው ነበር የሚወጣው። የሚያነበው ገብቶታላ!

መምህርቷ፦ በድምፅ የተቀዳውን ሰምቼዋለሁ። ልክ ነዎት፤ ስልኩ «ልጄ ሞተብኝ»ንም «ሽንኩርት ተወደደ»ንም በአንድ ፊት ነው የሚያነበው። አዲሶቹ ተሻሽለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ዌቭኔት የሚባለው አሠራር ከመጣ ጀምሮ ትንፋሽ የሚወስዱ ነው የሚመስሉት። ቢሆንም ሐዘንና ደስታን ከእሱ አልማርም። ከእሱ የምወስደው አረጋገጡን ነው። ግን የኔታ፣ አንድ የሚያስጨንቀኝ አለ። ድምፁን ስመርጥ የአሜሪካ አለ፣ የእንግሊዝ አለ፣ የሕንድ አለ፣ የናይጄሪያም አለ። የእኛ ግን የለም። ይኼን ስከተል ኖሬ የራሴን አፍ ብጥለውስ?

የኔታ፦ ከሐዲስ ዓለማየሁ የበለጠ የተናገረ ጎጃሜ ማን አለ? እዚሁ ከእኛ አጠገብ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ፣ በ1902 ዓ.ም.። ደብረ ኤልያስ፣ ዲማ ብለው ቅኔ ቆጠሩ። ኋላ አዲስ አበባ ገብተው የፈረንጁን ተማሩ፣ ዋሽንግተን ሠሩ፣ ለንደን አምባሳደር ሆኑ። ከለንደን መልስ በ1958 ዓ.ም. ምን አሳተሙ? «ፍቅር እስከ መቃብር»ን፤ የዲማን ታሪክ! አፋቸውን ለንደን ጥለውት ቢመጡ ኖሮ ያን መጽሐፍ ማን ይጽፈው ነበር?

መምህርቷ፦ የሌላም ሰው ታሪክ ትዝ አለኝ። ስቲቨን ሆኪንግ የሚባል እንግሊዛዊ ሊቅ በሕመም ድምፁን አጥቶ በማሽን ነበር የሚናገረው። የማሽኑ ድምፅ ዴኒስ ክላት ከሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ድምፅ የተሠራ ነው። ኋላ የተሻሻለ ሲያመጡለት አልቀይርም አለ፤ የሰው ድምፅ እንኳ አይመስልም ነበር፣ ግን የእሱ ሆኖ ነበር።

የኔታ፦ አየሽ፤ የሚገባ እስከሆነ ድረስ የራስሽ ይሁን። ጎጃሜ ሆነሽ ረግጠሽ ተናገሪ፤ ብቻ የሚረገጠውን ረግጪ። በይ ነገ ለስድሳዎቹ ምን ልታደርጊ ነው?

መምህርቷ፦ እንደ እስከ ዛሬው በአንድ አፍ አላስጮሃቸውም። በአንድ አፍ ሲጮኹ ማን እንደሳተ እንኳ አይሰማኝም። ሁለት ሁለት አድርጌ አስቀምጣቸዋለሁ። ስልኩን ከፍ አድርጌ ሦስት ጊዜ አሰማቸዋለሁ፤ ደብተር ሳይገልጡ። ከዚያ አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ የት እንደረገጠ በጣቱ ይመታል። ቀጥሎ ይለዋወጣሉ። የሚስቅ ካለ…

የኔታ፦ የሚስቅማ ካለ እሱን አስነሽውና አስነግሪው። ሣቂ መቼም ሰምቷል ማለት ነው፤ ጆሮው ይጠቅመናል።

(መምህርቷ ትስቃለች፤ ሦስተኛውን ትቀዳለች። የኔታ ስኒውን ተቀብለው መልሰው ያስቀምጡታል፤ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።)

የኔታ፦ «ዘ… ችልድረናር… ዎኪንግ…»

መምህርቷ፦ «ዎ» ላይ ይርገጡ የኔታ! አሁን እኮ ሁሉንም እኩል ረገጡት።

የኔታ፦ እኔም ወንዙ ውስጥ ገባሁ? በል እንግዳ፣ ድገምልኝ።

(ስልኩ ይደግምላቸዋል፤ እንደ መጀመሪያው፣ አንድም ሳይጨምር አንድም ሳይቀንስ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ያዳምጣሉ።)